«ጓደኛዬ ሶከተ» ማለት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር በስልክ ፐብጂ የሚባለውን የተኩስ ጌም እንጫወታለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንዳችን ቤት ተሰብስበን ፊፋ የሚባለውን የእግር ኳስ ጌም። ኮኔክሽን ሲንቀራፈፍ «ላገብኝ» እንላለን። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ሊሸነፍ ሲል ሶኬቱን በእግሩ ይነቅልና «ሳላየው ነው» ይላል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያደረገ ሁሉ «ሶከተ» ይባላል። አባቴ አናጺ ነው። «ላገብኝ» ስል ሰምቶ «ምኑን ነው የሚልግብህ?» ብሎ ሳቀብኝ። አማርኛውን እያበላሸን ነው ወይስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አባትህ እውነታቸውን ነው። ላገ ማለት እንጨት በመላጊያ አስተካከለ ማለት ነው። ስልክ ላይ የሚላግ ነገር የለም።

ግን አማርኛውን አላበላሻችሁም። «ላግ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ስትወስዱ ሁለት መንገድ ነበራችሁ። አንደኛው «ላግ አደረገ» ማለት ነው፤ እንደ «ቻርጅ አደረገ»፣ እንደ «ሼር አደረገ»። በዚህ መንገድ እንግዳው ቃል እንዳለ ይቀመጣል፤ የእርባታውን ሸክም «አደረገ» ይሸከምለታል። እናንተ ግን ቃሉን ራሱን አረባችሁት። ላገ፣ ይልጋል፣ ልጎ። ልክ እንደ ላከ፣ ይልካል፣ ልኮ።

ከሁሉ ደስ ያለችኝ «ብኝ» ናት። «ዘነበብኝ»፣ «ስልኬ ጠፋብኝ» እንደምንለው፣ ጉዳቱ የደረሰው በእኔ ላይ ነው ትላለች። የተጋጣሚህ ኮኔክሽን ተንቀራፎ ጎል ስታገባበትስ? «ላገልኝ» ሳትል አትቀርም። «ብ»ን በ«ል» ቀየርክና አበቃ፣ ያው ብልሽት ለአንተ ሲሳይ ሆነ።

ሶከተ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ሶኬት ውስጥ ስ፣ ክ፣ ት አሉ። አማርኛ ሦስት ተነባቢ ካገኘ የግሥ ጥሬ አገኘ ማለት ነው። ፊርማ ከጣልያንኛ መጥቶ ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ እያልን ነው፤ ዛሬ ማንም እንግዳ ነው አይለውም። ፖስትም ዓይናችን እያየ ፖሰተ ሆኗል።

እስቲ ጓደኞችህን ጠይቃቸው፤ ሶኬት መንቀል ያመለበትን ሰው ምን ይሉታል? «ሶካች» ይሉሃል እንጂ «ሶካቲ» የሚል አይኖርም። ጎተተ ጎታች፣ ከፈተ ከፋች ስለሚል ነው። እዚህ ቦታ «ት» ወደ «ች» ትለወጣለች ብሎ ቁጭ አድርጎ ያስተማራችሁ የለም። ቃሉ የትናንት ነው፤ ደንቡ ግን ቀድሞ ይጠብቃችሁ ነበር። አማርኛ የተበላሸበት ሰው እንዲህ አያረባም።

የጓደኛሞች ብቻ የሆነ ቃል መፍጠርም ዛሬ አልተጀመረም። አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው ብቻ የሚግባቡበት ንግግር ነበራቸው። የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ያጠናው ምሁር ቮልፍ ሌስላው የእነሱንም የነጋዴዎችንም አጥንቶ በ1964 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። እኔ ራሴ በልጅነቴ በየቀለሙ መሀል ድምፅ እየሰነቀርኩ በወፍ ቋንቋ ስንጫጫ እናቴን አሰልችቻለሁ። ልዩነቱ፣ አዝማሪው የሚናገረው አድማጩ እንዳይሰማው ነው። እናንተ ምንም የምትደብቁት የለም። ሶከተ የሚያስቀው ያን ቀን እዚያ ቤት የነበረውን ሰው ነው።

ይሰነብታሉ ወይ ካልከኝ፣ ላገን እጠራጠራለሁ። አናጺው ቀድሞ ይዞታል፤ «ተንቀራፈፈ»ም ሥራውን ይሠራል። ሶከተ ግን ቦታውን የያዘበት ቃል የለም። ሸሸ አይደለም፣ አጭበረበረ ብቻም አይደለም። ሽንፈቱን አይቶ ጨዋታውን ለሁሉም ያፈረሰ፣ ከዚያም «ሳላየው ነው» ያለ ሰው ነው። ይህን በአንድ ቃል በሉልኝ ብባል እኔም አልችልም። ሂሳብ ሲመጣ እጁን ሊታጠብ የሚነሳውን ሰው «ሶከተ» ማለት ከጀመራችሁ ቃሉ ከፊፋው ወጥቷል።

ፈተና ላይ ግን እንዳትጽፈው፤ መምህሩ ያን ቅዳሜ እዚያ አልነበሩም። ቴሌግራም ላይ ስትጽፈው ደግሞ «ሶኬተ» አትበል፣ «ሶከተ» ነው፤ እንደ ጎተተ። ቃሉን ከማታውቀው ሰፈር ሰው አፍ የሰማህ ዕለት ጻፍልኝ።