ዲኤክሱን ዳገት ሳታስወጣው ቀብድ አትክፈል

ወንድሜ፣ ሱሉልታ ያየኸው አሮጌ ዲኤክስ (ቶዮታ ኮሮላ) ዳገት ላይ ይጠፋል፣ ትንሽ ቆሞ ደግሞ ይነሳል፤ ሻጩም «ካንዴላ ነው፣ ቀላል ነው» ብሎሃል። እኔም ከዚያው ከሱሉልታ የገዛሁት መኪና እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ካንዴላ፣ ማለትም ብልጭታ አውጥቶ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ዕቃ፣ አይመስለኝም። ብልጭታውን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ኢግናይተሩን ጠርጥር።

ሊብሬውን፣ ቦሎውን፣ እዳና እገዳውን እንደምታጣራ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ።

1. ጠዋት በብርድ አስነስተው ሲያሳዩህ አትመን። ቦቢናው (የባትሪውን ቮልት ለብልጭታ የሚያሳድገው ዕቃ) ውስጥ የሚሄደውን ኤሌትሪክ እየቆረጠ ብልጭታ የሚያስወጣው ኢግናይተሩ ነው። የደከመ ኢግናይተር ሲቀዘቅዝ ጤነኛ ይመስላል፤ ሲሞቅ ሥራውን ያቆማል፣ ሞተሩም ቀጥ ይላል። ደላሎቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወስደውን ዳገት በደንብ ንዳው። እምቢ ካሉህ ጥለህ ሂድ።

2. ሲጠፋ እስኪነሳ ቁጭ ብለህ አትጠብቅ። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው! ሳይቀዘቅዝ መካኒክህ አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅሎ ትርፍ ካንዴላ ይሰካበት፤ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ ሞተሪኖውን (ማስነሻ ሞተሩን) ያዙር። ገመዱን በእጁ እንዳይዝ፣ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ሊወጣ ይችላል። ቤንዚን የፈሰሰበት አካባቢም አይሞከርም። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ ችግሩ የቤንዚን ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚን በሙቀት መስመሩ ውስጥ ሲተንም መኪና ልክ እንዲህ ይጠፋል። ቦቢናው ላይ 12 ቮልት እየደረሰ ብልጭታ ከሌለ ግን ወይ ኢግናይተሩ ነው፣ ወይ ቦቢናው፣ ወይ ዲስትሪቢዩተሩ (ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) ውስጥ ያለው ሴንሰር። ፑንቲና (በኢግናይተር ፋንታ ኤሌትሪኩን እየከፈተ የሚቆርጥ) ያለው የድሮ ሞዴል ከሆነ ኢግናይተር ላይኖረው ስለሚችል አስቀድመህ ይህን እይ።

3. ዋጋውን በዚህ አስቀንስ። እኔ ብልጭታው መጥፋቱን ሻጩ ፊት አሳይቼ ነው ያስቀነስኩት። ከዚያ ያቃጠለኝ ጋራዡ ነው። «ብልጭታ የለም፣ ኢግናይተሩን እይልኝ» አልኩት። «እዚህ ከፍታ ነው፣ አየር ያንሰዋል፣ አንተ መካኒክ ነህ?» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። ከፍታ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ብልጭታ አያጠፋም! ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቦራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ፈታ፣ ለሁሉም አስከፈለኝ። መኪናው ዳገቱ ላይ እንደገና ቆመ። ስመልሰው ደግሞ «አሁን ቦቢና ግዛ» አለኝ። ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄጄ አሮጌውን ኢግናይተር ይዤ ቁጥሩን አመሳስዬ ገዛሁ። አንተም እንዲሁ አድርግ፤ «ይሠራል» ስላሉህ ብቻ አትቀበል። ከቦቢናው ጋር ካልተጣጣመ አዲሱም ሊቃጠል ይችላል። የእኔ ኢግናይተር ኔጋቲቭ የሚያገኘው በማሰሪያው ብረት በኩል ስለነበር ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አጠብቄ አሰርኩት። በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፣ ያ ጋራዥ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ጭኜ ያንን ዳገት እመላለስበታለሁ፣ አንድ ቀን አልቆመብኝም።

ስትሄድ ኢግናይተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ቦቢናውን ፎቶ አንሳና እዚሁ ለጥፍ። የሚስማማውን አይቼ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ድረስ ቀብድ እንዳትሰጥ።