በሬዎቹ አይሸጡ

ከሐይቅ አካባቢ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ ከ50 በመቶ በታች ነው። ኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ገብተሽ ኤሌክትሪክ መማር ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ግን ጥማድ በሬያቸውን ሸጠው በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ በዲግሪ ሊያስተምሩሽ ቆርጠዋል። «ቴክኒክ የወደቀ ልጅ መሰብሰቢያ ነው፤ ሰው ምን ይለናል?» ይላሉ።

በሬዎቹ አይሸጡ። ለገበሬ ጥማድ በሬ ማለት የከርሞ እህል ነው። የታናናሾችሽም ደብተር የሚገዛው ከዚያው ነው። ደግሞስ ተሸጠው ምን ሊገኝ? ከ50 በታች ያመጣን ተማሪ ያለ ሪሚዲያል (ያለ ማካካሻ ትምህርት) ቀጥታ ዲግሪ አስተምራለሁ የሚል ኮሌጅ ካለ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጠይቁ። በደንቡ የገባም ቢሆን መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ፈተናው በ2015 ሲጀመር ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ስንቱ ቤተሰብ ጥሪቱን አሟጦ ልጁ ባዶ እጁን ተመለሰ! ይህን ለአባትሽ በግልጽ ንገሪያቸው። «ምን ይለናል» የሚሉት ሰው ነገ በሬ አይገዛላቸውም።

«የወደቀ መሰብሰቢያ» የሚለው ነገር ያናድደኛል። እኔ ሥራ የጀመርኩት የቴክኒክ ዲፕሎማ ይዤ፣ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ዲግሪዬን በኋላ በማታ፣ በራሴ ደመወዝ ተማርኩ። ኮምቦልቻ ደግሞ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ሥራ ሞልቷል አልልሽም። ግን ሞተር በተቃጠለ ቁጥር የሚፈለገው ባለሙያው ነው። ፋብሪካ ባይቀጥርሽ የቤት መስመር ትዘረጊያለሽ።

ስትመዘገቢ ለትብብር ሥልጠና ተማሪ የት የት እንደሚልኩ ጠይቂ። ድርጅት ስትመደቢ ጥግ ይዘሽ አትቁሚ፤ እጅሽን አስገቢ። ብዙ ልጅ ሥራ የሚያገኘው እዚያው ታይቶ ነው። ሲኦሲውንም፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን ማለቴ ነው፣ ሳታልፊ እንዳትወጪ።

ሴት ኤሌክትሪክ ትችላለች ወይ ላልሽው፣ በሚገባ። ዲግሪውም አያመልጥሽም፤ ከሙያው ተነስቶ መቀጠያ መንገድ አለ።

የመንግሥት ኮሌጅ ስለሆነ የትምህርቱ ክፍያ አያስጨንቅም። የሚከብደው የቤት ኪራይና ቀለብ ነው። ከአገርሽ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋሩ፤ ስንቅ ከቤት ይምጣ። ለምዝገባ ስትሄጂ አባትሽን ይዘሻቸው ሂጂ፤ ወርክሾፑን በዓይናቸው ይዩት።