ጉግል፣ የልፕ ወይስ ትሪፕአድቫይዘር? የምግብ ቤት ባለቤቶች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከምግብ ቤት ባለቤቶች ናቸው። ሁሉም የሚጨነቁት ደንበኛ ኢንተርኔት ላይ ስለሚጽፈው አስተያየትና ስለሚሰጠው ኮከብ ነው። በተራ እንሂድ።

አንዲት እህት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ከባለቤቷ ጋር ምግብ ቤት ከከፈቱ ገና ወራቸው ነው። ሁለቱም ከወጥ ቤት አይወጡም። ሰው ሁሉ «እዚህም ተመዝገቡ፣ እዚያም ተመዝገቡ» እያለ ግራ አጋብቷቸዋል።

ከጉግል ጀምሩ። የራበው ሰው ስልኩን አውጥቶ የሚያየው ካርታውን ነው። ስልክ ቁጥራችሁን፣ ፎቶውን፣ መንገዱን እዚያው ያገኛል። ጉግል ላይ የምግብ ቤታችሁን ገጽ መክፈት በነጻ ነው። ባለቤትነታችሁን ስታረጋግጡ ብዙ ጊዜ አጭር ቪዲዮ ትጠየቃላችሁ። መንገዱን፣ የቤቱን ስም የያዘውን ታፔላና ውስጡን በስልክ ቀርጻችሁ መላክ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓታችሁን ጠብቁ። ለፋሲካ ዘግታችሁ ካርታው «ክፍት ነው» ካለ፣ ልጆቹን ይዞ በራችሁ ላይ የቆመው ሰው ንዴቱን በአንድ ኮከብ ይወጣዋል። እውነትም አለው።

ቀጥሎ የልፕ፣ ደንበኞች ስለ ምግብ ቤቶች አስተያየትና ኮከብ የሚሰጡበት ድረ ገጽ። አሜሪካ ስለሆናችሁ ልትተዉት አትችሉም። ማይክል ሉካ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪ በሲያትል ምግብ ቤቶች ላይ ጥናት አድርገው ነበር። የልፕ ላይ የአንድ ኮከብ ጭማሪ ገቢን ከ5 እስከ 9 በመቶ እንደሚያሳድግ አገኙ። ለውጡ የታየው ግን በየቦታው ቅርንጫፍ ባላቸው ትልልቅ ምግብ ቤቶች ላይ አልነበረም። የታየው እንደ እናንተ ባሉት፣ ስማቸው ገና ባልታወቀ ቤቶች ላይ ነው። ሰው ስለማያውቃችሁ የሌላውን ምስክርነት ይፈልጋል።

የተጓዦች የአስተያየት ድረ ገጽ የሆነውን ትሪፕአድቫይዘርን ለጊዜው እርሱት። እናንተ ጋ የሚበላው ጎረቤትና ከሥራ የሚመለስ ሰው ነው። ሁለት ገጽ በደንብ መያዝ አምስት ገጽ ከፍቶ ከመርሳት ይሻላል።

አንድ ወንድም ከላሊበላ። የልፕ ላይ ለመመዝገብ ሦስት ቀን ታግለው አልሆነላቸውም።

አይሆንልዎትም፤ የልፕ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። የእርስዎ ነገር ከሲልቨር ስፕሪንጓ እህት የተገላቢጦሽ ነው። እንግዳዎ አገሩ ሳለ፣ ጉዞውን ሲያቅድ ነው የት እንደሚበላ የሚያነበው። ስለዚህ ትሪፕአድቫይዘርንና ጉግልን ይያዙ። ትሪፕአድቫይዘር እንግዳን «አስተያየት ይጻፉልን» ብሎ መጠየቅ ይፈቅዳል። በምላሹ ስጦታም ሆነ ቅናሽ መስጠት ግን አይቻልም።

ከአዲስ አበባ፣ ቦሌ። የጉግል ካርታ የአንዲት እህትን ምግብ ቤት ሌላ ቅያስ ውስጥ ያሳያል።

የጉግል ገጽሽ ላይ አድራሻ ማስተካከያው ውስጥ ግቢና ምልክቱን ጎትተሽ በርሽ ላይ አስቀምጪው። ካስቸገረሽ ስልክ የሚነካካ ልጅ ያሳይሽ።

«የልፕ ላይ ያለውን ገጼን ላጠፋው እችላለሁ?»

አይቻልም። ባለቤቱ አስተካክሎ መልስ መስጠት እንጂ ገጹን ማንሳት አይችልም።

አንዲት እናት ከፍራንክፈርት። የጾም ምግባቸውን ጀርመኖቹ ይወዱታል። ሥጋም ወተትም ለማይበሉት ሰዎች የተለየ ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠይቀዋል።

አለ፣ ሃፒካው ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የአትክልት ምግብ ቤቶችን የሚዘረዝር ነው፤ ሥጋ የሚሸጥ ቤትም የጾም አማራጭ ካለው ይገባል። አደራዎን ግን፣ ሽሮው ላይ ቅቤ ጠብ ካለች ይጻፉት። ዓሣ የጾም ምግብ ዝርዝርዎ ውስጥ ካለም ይለዩት፤ ሥጋና ወተት የማይበሉት ሰዎች ዓሣም አይበሉም።

አንድ ባለቤት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ጎረቤቱ ምግብ ቤት 300 አስተያየት አለው፣ እሱ 20። ቫይበር ላይ ያሉትን ዘመዶቹን ሁሉ አምስት ኮከብ እንዲሰጡት ሊለምን አስቧል። አንድ ሰው ደግሞ 100 አስተያየት ልሽጥልህ ብሎታል። «ሁሉም ያደርገዋል» ይላል።

ወንድሜ፣ እባክህ አታድርገው። በመጀመሪያ አይጠቅምህም። የልፕ አስተያየቶችን የሚያጣራ ፕሮግራም አለው። የአክስትህ ልጅ ዛሬ አካውንት ከፍቶ፣ ላንተ ብቻ ጽፎ ቢጠፋ፣ ጽሑፉ ማንም ወደማያየው ታችኛው ክፍል ሊወርድ ይችላል፤ በኮከብህም ውስጥ አይቆጠርም። ግዢውን ከደረሱበት ደግሞ ገጽህ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋሉ። ገጽህን የከፈተ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሐሰት አስተያየት መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል። እያወቁ ለሚጥሱት ቅጣቱ በአንድ ጥፋት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ባለቤቱ ሠራተኞቹንና የቅርብ ቤተሰቡን ግንኙነታቸውን ሳይገልጹ ማስጻፉም በደንቡ ተይዟል።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኡባ በትለር የተባለ ጸሐፊ ለንደን ውስጥ የጓሮ መጋዘኑን ምግብ ቤት ነው ብሎ ትሪፕአድቫይዘር ላይ አስመዘገበ። ጓደኞቹ የውሸት ምስክርነት ጻፉለት። ያልነበረው ምግብ ቤት ከለንደን ሁሉ አንደኛ ወጣ! ሰው ወንበር ለማስያዝ ስልኩን ያጨናንቅ ነበር። ብዙዎች ስቀውበታል። እኔ ግን ያንን ያመነውን ሰው ነው የማስበው። አዲስ ከተማ የገባ፣ ማንንም የማያውቅ ሰው፣ የማያውቀውን ሰው ቃል አምኖ ገንዘቡን ያወጣል። ይህ እምነት ሲበላሽ የሚጎዳው ጥሩ አብስሎ ምስክር የሌለው ቤት ነው። ያ ቤት የአንተ ነው።

ታዲያ ምን ታደርግ? ሂሳብ ሲከፈል «ጉግል ላይ የተሰማዎትን ይጻፉልን» በል። ፊቱ የፈካውን ብቻ መርጠህ ሳይሆን ሁሉንም። መርጦ መጠየቅ የጉግልም ደንብ አይፈቅድም። የልፕ ላይ ግን ጨርሶ አትጠይቅ፤ እነሱ መጠየቁን ራሱን አይፈልጉም። ለተጻፈልህ ሁሉ ደግሞ መልስ ስጥ። በወር አራት እውነተኛ ሰው ቢጽፍልህ በዓመት ወደ 50 ይጠጋል። ማንም አይወስድብህም።

«ክትፎ በልቼ ታመምኩ» ተብሎ የተጻፈበት ባለቤት። ውሸት ነው ይላል። ልክ ልኩን ሊነግረው፣ ከዚያም ሊከሰው ይፈልጋል።

ምንም ሳትጽፍ ጠበቃ አነጋግር። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። የጤና ክስ ያለበት ነገር ላይ በንዴት የጻፍከው አንድ መስመር ነገ ፍርድ ቤት ሊቀርብብህ ይችላል። ኢንሹራንስህንም ዛሬውኑ አሳውቅ። የዚያን ቀን ሥጋ ከየት እንደመጣና በምን ቅዝቃዜ እንደተቀመጠ የሚያሳየውን ወረቀት ሰብስብ። ሰውየው በእርግጥ ታሞ ከሆነስ? እሱንም ማጣራት ያንተ ግዴታ ነው።

«በአማርኛ ለተጻፈ አስተያየት በእንግሊዝኛ ልመልስ?»

በአማርኛ መልሺ። የጻፈችልሽ በአማርኛ ነው።