የእናቴ ቤት ካሜራ ከውጭ አገር አልከፈት አለኝ

ሜሪላንድ የምትኖር አንባቢ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «አዲስ አበባ እናቴ ቤት አራት የሂክቪዥን ካሜራ ከነዲቪአሩ (ምስሉን ከሚቀዳው ሳጥን ጋር) አስገጥሜ፣ ሁለት ዓመት ያህል ከስልኬ አየው ነበር። ኢንተርኔቱ ወደ ፋይበር ከተቀየረ ወዲህ ግን አፑ ‹ኦፍላይን› ይለኛል። ሳሎን ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ቴክኒሺያን መጥቶ ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ መግቢያ በር) ከፈተ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ ዲቪአሩ ተበላሽቷልና አዲስ ይገዛ አለ። ልግዛ ወይ?»

እህቴ፣ አትግዢ። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል እያሳየ ያለ ዲቪአር ተበላሽቷል ብዬ ከመጣሌ በፊት ብዙ ነገር አያለሁ። ያንቺ ችግር የጀመረው መስመሩ የተቀየረ ቀን ነው። ፍንጩ እሱ ነው።

መጀመሪያ ገመዱ ይታይ። አንዴ ገርጂ አንድ ቤት ተጠርቼ ስሄድ፣ የዲቪአሩ ገመድ ከድሮው ራውተር ጋር እንደተሰካ ነበር። ራውተሩ መብራት አለው፣ ኢንተርኔት ግን የለውም። አዲሱ የፋይበር ሳጥን ከጎኑ ተቀምጧል። ነቅዬ አዲሱ ላይ ሰካሁት፤ አለቀ። ወንድምሽ ወይም ቤት ያለ ሰው ከዲቪአሩ ጀርባ ያለውን የኔትወርክ ገመድ እስከ ጫፉ ይከተለው። መሰኪያው ላይ ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት አለባት።

ገመዱ ደህና ከሆነ ጥርጣሬዬ አድራሻው ላይ ነው፤ መሣሪያዎቹ በኔትወርኩ ላይ የሚገናኙበት ቁጥር ማለቴ ነው። የድሮዎቹ ራውተሮች አብዛኛውን ጊዜ አድራሻቸው 192.168.1.1 ነበር። ብዙዎቹ የፋይበር ሳጥኖች ግን 192.168.100.1 ናቸው። ያኔ ካሜራውን የገጠመልሽ ሰው ለዲቪአሩ አድራሻ በእጁ ጽፎለት ከሆነ፣ ዲቪአሩ እስከ ዛሬ የሚያንኳኳው የድሮውን በር ነው። ያ በር ደግሞ አሁን የለም።

መፍትሔው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ በዲቪአሩ ማውዝ ሜኑ ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለው ይከፈት። «ዲኤችሲፒ» (አድራሻ በራሱ እንዲወስድ የምታደርገው) የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት ይደረግና ይቀመጥ፣ ከዚያ ዲቪአሩ ጠፍቶ ይብራ። አድራሻውን ራሱ ከአዲሱ ሳጥን ይወስዳል። «ዲኤንኤስ» (የሰርቨር ስም ወደ ቁጥር የሚተረጎምበት) የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ ወይም 0.0.0.0 ካለ 8.8.8.8 ይጻፍበት። ይቺ ባዶ ቦታ ስንት ሰው እንዳስለፋች እኔ ነኝ የማውቀው። ቀጥሎ እዚያው «ፕላትፎርም አክሰስ» የሚለው፣ ዲቪአሩ ከአምራቹ ሰርቨር ጋር መገናኘቱን የሚያሳየው ገጽ ይታይ፤ «ኦንላይን» ካለ አንቺ ጋም ይከፈታል። ገጹን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልሽ፤ «እሺ፣ ሠርቷል» በሚል ቃል ብቻ አትመኚ።

የተከፈተው ፖርትስ? ይዘጋ። ብዙ የቤት መስመር የራሱ የሆነ የውጭ አድራሻ የለውም፤ ብዙ ደንበኛ አንዱን አድራሻ ይጋራል። አንድ ግቢ ውስጥ ሃያ ተከራይ በአንድ የቤት ቁጥር ሲኖር፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ የማንን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። ማረጋገጥ ከፈለግሽ፣ ራውተሩ ገጽ ላይ «ዋን አይፒ» የሚለው ቁጥር (የውጭ አድራሻው) በ«10.» ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አድራሻው የጋራ ነው። እዚያ ላይ ፖርት ቢከፈት ባይከፈት ለውጥ የለውም። አፑ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፦ ዲቪአሩ ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ይገናኛል፣ አንቺም እዚያው ታገኚዋለሽ። ከውጭ የሚከፈት በር አያስፈልግም።

መስመሩ የራሱ አድራሻ ቢኖረው ደግሞ ክፍት ፖርት አደጋ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ በፋብሪካ ፓስወርዳቸው የተተዉ ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን በብዛት ጠልፎ፣ እነ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለሰዓታት እንዳይከፈቱ አድርጓል። እናትሽ የሚኖሩበት ቤት ነውና ፓስወርዱ ጠንካራ ይሁን፤ የዲቪአሩ ሶፍትዌርም ይታደስ።

አጥብቄ የምልሽ አንድ ነገር አለ። ዲቪአሩ የተመዘገበው በማን አካውንት ነው? አንዳንድ ቴክኒሺያን በራሱ ስልክ ይመዘግብና ለባለቤቱ «ሼር» ያደርጋል። ያ ማለት እናትሽ ደጅ ሲወጡ ሲገቡ እሱም ማየት ይችላል ማለት ነው። ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፣ ግን ትክክል አይደለም። አፕሽ ላይ ዲቪአሩ ከሌላ ሰው እንደተጋራ የሚያሳይ ከሆነ፣ ከአካውንቱ እንዲያጠፋው ንገሪውና በራስሽ ኢሜይል መዝግቢው። ከዚያ ፓስወርዱ ይቀየር።

ሲከፈትልሽ ምስሉ ከተንቀረፈፈ ጥራቱን ዝቅ አድርጊ። አንድ ካሜራ በዋናው ጥራት 4 ሜጋ ቢትስ በሰከንድ ሊወስድ ይችላል፤ አራቱን አንድ ላይ ስትከፍቺ 16 ሆነ። «ሰብ ስትሪም» የሚባለው ዝቅተኛው ጥራት ወደ ግማሽ ሜጋ ነው። አራቱን በሱ እዪ፤ የሰው ፊት መለየት ስትፈልጊ ብቻ አንዱን በሙሉ ጥራት ክፈቺ።

መብራት ሲጠፋ ዲቪአሩ፣ ካሜራዎቹም፣ የፋይበሩ ሳጥንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራው) ላይ ካልሆኑ ዋጋ የለውም። ሳጥኑን ረስቶ ዲቪአሩን ብቻ መሰካት የተለመደ ስህተት ነው፤ ይቀዳል፣ ግን አንቺ አታዪውም።

ሰዓቱም ይስተካከል፤ ጂኤምቲ+3 ይሁን። የዲቪአሩ ትንሿ ባትሪ ከደከመች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይዛባል፣ ያኔ ቅጂው አለ ግን አይገኝም። ደግሞ እናትሽ ደውለው «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውሻው ሲጮህ ነበር» ካሉሽ፣ ቅጂው ላይ የምትፈልጊው 8:00 አይደለም፤ 02:00 ነው።