የጠበቀ ቡሎን፣ የላላ ማስረጃ

ጥያቄ፦ «የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በቪትዝ መኪናዬ ራይድ እሠራለሁ። ከስምንት ወር በፊት አንድ ጋራዥ ዘይት አስቀይሬ ነበር። ባለፈው እሑድ ወጪ ልቀንስ ብዬ ግቢ ውስጥ ራሴ ልቀይር ስል የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን አልፈታ አለኝ። ከመጠን በላይ አጥብቀውት ነው። ጭንቅላቱ ተላጠ፤ ወንድሜም ሞክሮ አልሆነለትም። አሁን ቡሎኑ የሚገባበት የዘይት ገንዳው ካልተቀየረ አይሆንም ተብዬ 14 ሺህ ብር ተጠይቄአለሁ፤ መኪናዋም ቆማለች። ለጋራዡ ስደውል ‹አምጣው፣ እኛው እናየዋለን› አሉኝ፤ እኔ ግን አላምናቸውም። ለሐሙስ ሌላ ጋራዥ ቀጠሮ ይዣለሁ። ከስሼ ወጪዬንና የቆምኩበትን ገቢ ማስከፈል እችላለሁ? ፎቶዎቹን አያይዣለሁ።»

መልስ፦ መክሰስ ይችላሉ። ዛሬ በእጅዎ ባለው ነገር ግን ያሸንፋሉ ብዬ ገንዘብዎን አላስከፍልዎትም። ጎዶሎው ማስረጃዎ ላይ ነው፤ እሱም ሐሙስ ዕለት ጨርሶ ሊጠፋ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሐሙሱን ቀጠሮ በጥቂት ቀን ያስተላልፉና የቀረውን ተረጋግተው ያንብቡ።

በመጀመሪያ ያልጻፉልኝን ላንሣ። ሦስተኛዋን ፎቶ አጉልቼ አየኋት። የቡሎኑ ስድስት ማዕዘን ተላጦ ክብ ሆኗል፤ ይህን ነግረውኛል። ያልነገሩኝ በአንድ ጎኑ ላይ የሚታየውን የመሮ ምት ነው። በዙሪያውም የቧንቧ ሠራተኞች የሚይዙት ጥርሳም ቁልፍ የነከሰው መስመር አለ። «ወንድሜም ሞክሮ» ያሉት መዶሻና መሮ ይዞ ከሆነ ልክ እንደዚያው ይጻፉልኝ። ከደንበኛዬ መስማት የነበረብኝን ነገር ችሎት ላይ ከተቃራኒ ወገን ጠበቃ የሰማሁባቸው ቀናት አሉ። አንዳቸውንም በደስታ አላስታውስም።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጨምር፣ አይቆጡኝ። መኪና ሥር በጀርባዎ ተኝተው ሲፈቱ ቁልፉን ወደየት ነበር ያዞሩት? ቡሎኑን ከታች ፊት ለፊት ለሚያየው ሰው የሚፈታው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ቆሞ መፍታት የለመደ እጅ ግን ተኝቶ ሲሠራ ግራና ቀኙ ይምታታበታል፤ «ልፍታው» እያለ በሙሉ ጉልበቱ ያጠብቀዋል። እኔ መካኒክ አይደለሁም። መካኒኮች ምስክር ሆነው ሲቆሙ ግን ብዙ ሰምቻለሁ፤ የጋራዡ ጠበቃም ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅዎ አይቀመጥም። ቁልፉስ ልኩ ነበር? ለ14 ቁጥር ቡሎን 15 ቁጥር ቁልፍ፣ ወይም ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ያረጀ ቁልፍ ከተጠቀሙ ጭንቅላቱን የላጠው እሱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ስምንቱ ወር እንምጣ። ራይድ እንደሚሠሩ ጽፈዋል። በቀን 60 ኪሎ ሜትር ብቻ ነዱ እንበል፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከዚያ በላይ እንደሚነዳ ሁለታችንም እናውቃለን። በ240 ቀን 14,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት የሚቀይር ሰው በዚህ መካከል ቢያንስ ሁለት ጊዜ መቀየር ነበረበት። ስለዚህ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በመሃል ሌላ ሰው፣ ምናልባት ነዳጅ ማደያ አጠገብ ያለ ዘይት ቀያሪ፣ ያንን ቡሎን ፈትቶ መልሶ አጥብቆታል፤ እንዲያ ከሆነ መጨረሻ ያጠበቀው እርስዎ የሚከሱት ጋራዥ አይደለም። ወይም ዘይቱ ስምንት ወር ሙሉ አልተቀየረም፤ ይህ ለቡሎኑ ጉዳይ ብዙ ባይጎዳዎትም ስለ ጥንቃቄዎ ለዳኛው የሚናገረው ነገር አለ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከማንም በፊት ለጠበቃዎ ይንገሩት፤ ደረሰኝ ካለም ይዘው ይምጡ።

ሕጉን ባጭሩ ልበል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንድን ሥራ በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ሊያስረክብ የተዋዋለን ሰው በቁጥር 2610 እና ተከታዮቹ ይገዛዋል፤ ዘይት ቀያሪ ጋራዥም በዚህ ውስጥ ይገባል። ውሉ የግድ በወረቀት መሆን የለበትም፤ ደረሰኝ ግን ብዙ ይረዳል። ባለቤቱ «ያጠበቀው ልጁ ነው» ብሎ አያመልጥም። ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን በቁጥር 1772 መሠረት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ግዴታ አለብህ የሚል ሰው ግዴታውን የማስረዳት ሸክሙ በቁጥር 2001 የራሱ ነው። ለውል ክስ ጠቅላላው የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ በኋላ መክሰስ የማይቻልበት ገደብ፣ በቁጥር 1845 አሥር ዓመት ነው። ጊዜ አለኝ ብለው ግን አይዘናጉ፤ ለአንዳንድ ውሎች አጭር ጊዜ ተቀምጧል፤ የእርስዎን ጠበቃዎ ሰነዱን አይቶ ይንገርዎ።

የቆሙበትን ገቢ በተመለከተ ቃል ብቻ አይበቃም። የጥሪ መተግበሪያው የጉዞ መዝገብ፣ የባንክ መግለጫ፣ የግብር ማሳወቂያ ያስፈልጋል። ለግብር ሰብሳቢው ከነገሩት በላይ ለዳኛው ካሉ ከሁለት አንዱ ላይ ይጠየቃሉ። ቁጥር 1802 ደግሞ ተጎዳሁ ባዩ ራሱ ጉዳቱን እንዲቀንስ ያዛል፤ በአራት ቀን የሚሠራ መኪና ሦስት ወር አቁመው የሦስት ወር ገቢ ቢጠይቁ አይሰጥዎትም።

ከዚህ በኋላ ያለውን እባክዎ ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ወደ ቢሮዬ ከሚመጡት የጋራዥ ጉዳዮች አብዛኞቹ የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው።

ሰው መኪናው ሲበላሽበት መጀመሪያ ያሠራል፣ ቀጥሎ ይናደዳል፣ ከዚያ ጠበቃ ይፈልጋል። ጠበቃው «የተበላሸው ዕቃ የታለ?» ሲል መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «እዚያው ጋራዥ ቀረ።» አንድ ደንበኛዬ የተሰነጠቀ የካምቢዮ ቤት ይዞ ሊከስስ መጣ፤ «ይዞ» ያልኩት በስልኩ ፎቶ ነው። ብረቱን ፍለጋ አብረን ሄድን። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ማክሰኞ ቁራሌው መጥቶ ከሌላው ብረት ጋር ወሰደው» አለን። ሁለት ምስክርና ደረሰኝ ነበረን። የተከሳሹ ጠበቃ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አሳዩን።» የምናሳየው አልነበረንም።

የእርስዎ ቡሎን ሐሙስ ዕለት የሚገጥመውም ይኸው ነው። ጭንቅላቱ የተላጠ ቡሎን በትንሹ የሚጠብብ ቁልፍ በመዶሻ ተመትቶ ይገባበታል፤ እሱ እንቢ ካለ ዳዶ ይበየድበታል፤ እሱም ካልሆነ በመሰርሰሪያ ይበሳል። ብየዳውም መሰርሰሪያውም ምልክቱን ያጠፉታል። መካኒኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መኪናዎን ያድናል፤ ክስዎን ግን ይቀብረዋል።

ምን ምልክት ነው የሚጠፋው? ቡሎኑ ሲወጣ ጥርሱ ንጹሕ ሆኖ የተበላው ጭንቅላቱ ብቻ ከሆነ ነገሩ ወደ ፈቺው፣ ማለትም ወደ እርስዎ ያጋድላል። ጥርሱ ተጎትቶ የገንዳውን ብረት ነክሶ ከወጣ፣ ጠምሞ የገባ መሆኑ ከታየ፣ ወይም ማሸጊያ ቀለበቱ ተደፍጥጦ እንደ ወረቀት ከሳሳ ወደ አጥባቂው ያጋድላል። ይህ ቡሎን የሚፈልገው ጥብቀት ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር (የማዞሪያ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ አንድ ሰው በአጭር ቁልፍ ብዙም ሳይታገል የሚያደርሰው ነው። ከዚያ ብዙ ማለፉን ሊመሰክር የሚችለው ያ ብረት ነው፤ ፎቶ ላይ ጥርሱ አይታይም፣ ገና ገንዳው ውስጥ ነውና።

እንግዲህ የማደርገው እኔ ብሆን ይህን ነው። መኪናዋን ማንም አይነካትም። ዛሬውኑ ለጋራዡ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ መቼ ዘይት እንደቀየሩ፣ ምን እንደተገኘ፣ ቡሎኑ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት በዚህ ቦታ እንደሚፈታና መጥተው እንዲያዩ። በእጅ ከሆነ ቅጂው ላይ አስፈርመው፣ ካልሆነም በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ፣ ማለትም በአደራ ደብዳቤ። ሦስት ወይም አራት ቀን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካዘገዩ ቅድም ያልኩት ቁጥር 1802 ወደ እርስዎ ይዞራል። ቢመጡ እሰየው፤ ባይመጡ መጥራትዎ ራሱ ማስረጃ ነው። የሚፈታው መካኒክ ጓደኛዎ ወይም የወንድምዎ ጓደኛ አይሁን። ከመፍታቱ በፊት፣ እየፈታና ከፈታ በኋላ በቪዲዮ ይቀረጽ። ብየዳ የመጨረሻው አማራጭ እንዲሆን አስቀድመው ይንገሩት። ያየውን በጽሑፍ ያስፍር፤ ስም፣ ፊርማ፣ ማኅተም፣ የንግድ ፈቃድ ቁጥር። ቡሎኑና ቀለበቱ ሳይታጠቡ ፌስታል ውስጥ ገብተው ከእርስዎ ጋር ይሄዳሉ፤ አሮጌው ገንዳም እንዲሁ፣ ዘይቱ ልብስዎን ቢያበላሽም። ቤት ሲደርሱ ደግሞ ባለቤትዎ ወይም እናትዎ ቆሻሻ መስሏቸው እንዳይጥሉት ይንገሯቸው። አልቀለድኩም፤ ደርሶብኛል።

ጉዳዩ ከከረረ ፍርድ ቤቱ ራሱ ባለሙያ እንዲያጣራ ሊያዝ ይችላል። ባለሙያው የሚመረምረው ብረት ከሌለ ግን የሚጽፈው አስተያየት ነው፤ አስተያየት ደግሞ ተከሳሹም ገዝቶ ያመጣል።

«አምጣው፣ እኛው እናየዋለን» ስላሉት ነገር፣ አለማመንዎ ልክ ነው ወይም አይደለም አልልም። ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በነጻ ሠርተው ቢመልሱልዎ ከማንኛውም ፍርድ የተሻለ ነው። ብቻዎን አይሂዱ፣ ቡሎኑን ጥለው አይውጡ፣ «ተስማምተናል» የሚል ወረቀትም ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ። አንድ ዘይት በነጻ ቀይረው ሙሉ ክስዎን በፊርማ የገዙ ጋራዦች አይቻለሁ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አራተኛዋ ፎቶ ላይ ከገንዳው ሥር ያለው ካርቶን ጥቁር ነጠብጣብ ይዟል። የሚንጠባጠብ ከሆነ ሞተሩን አስነሥተው እስከ ጋራዥ አይንዱ፤ ያስጎትቱ። ዘይት አልቆበት ሞተሩ ቢነክስ ያንን ኪሣራ ማንም ላይ አይጭኑትም። ያ መሬት ደግሞ የጋራ መኪና ማቆሚያ ነው፤ የጋራ ሕንጻ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለጋራ መጠቀሚያዎች ደንብ አለው፣ ጎረቤትም ዓይን አለው። አሸዋ አልብሰው ያስጠርጉት።

ይህ መልስ በላኩልኝ ደብዳቤና አራት ፎቶ ላይ ብቻ የቆመ ነው፤ በእሱ ብቻ ተነሥተው ክስ አይክፈቱ። የስምንት ወሩን ደረሰኝ፣ በመሃል ዘይት የቀየረ ካለ የእሱን ደረሰኝና የወንድምዎን እውነተኛ ታሪክ ይዘው አንድ ጠበቃ ፊት ይቀመጡ። ለ14 ሺህ ብር ጉዳይ ጠበቃ መቆም አለመቆሙ ያዋጣዎት እንደሆነም እዚያው በግልጽ ይጠይቁት፤ አንዳንዴ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ብቻውን ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ስልክዎን ያንሡና ለሐሙሱ ጋራዥ ይደውሉ።