ከካሳው ላይ ማን ምን ይወስዳል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች በሙሉ ከመኪና አደጋ ካሳ ጋር የተያያዙ ናቸው። ጠያቂዎቹ በዋሽንግተን ዙሪያ ይኖራሉ። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች፣ ስድቡን ጨምሮ፣ አሳጥሬአለሁ።

በጓደኛዬ መኪና ተሳፍሬ ሳለሁ ከኋላ ተገጨን። እሱ ሜድፔይ አለው። ብጠቀምበት ጓደኛዬን እንደ መክሰስ ይቆጠራል ወይ?

አይቆጠርም። ሜድፔይ ጥፋተኛው ማንም ይሁን ማን ለሕክምና የሚከፍል የመኪና ኢንሹራንስ ክፍል ነው፤ ተሳፋሪንም ይጨምራል።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ በ30,000 ዶላር ተስማምቼ እጄ የሚገባው 11,300 ብቻ ነው ተባልኩ። ቀሪውን ማን በላው?

ከላኩልኝ የሒሳብ ወረቀት እንጀምር። ጠበቃው አንድ ሦስተኛውን፣ 10,000 ዶላር፣ ይወስዳል፤ ሲቀጥሩት ፈርመውለታል። ለሰነድና ለመዝገብ 600። ለሆስፒታሉ 6,200፣ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያው 1,900።

ያስቆሙኝ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ሊን፣ ማለትም ካሳው እጅዎ ሳይገባ ሐኪም ቤቱ ድርሻውን ቀድሞ የመውሰድ መብት፣ በቨርጂኒያ ጣሪያ አለው፤ ለሆስፒታል 2,500 ዶላር፣ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያ 750። ጣሪያው ግን የመያዝ መብቱን እንጂ ዕዳውን አይቆርጥም፤ ሆስፒታሉ ቀሪውን ከእርስዎ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ጠበቃዎ ገንዘቡን ከማከፋፈሉ በፊት ይደራደር፣ ዕዳው በሙሉ እንደተዘጋ የሚገልጽ ደብዳቤም ይቀበልልዎ።

ያናደደኝ ሌላ ነው። ድንገተኛ ክፍል የጤና ኢንሹራንስ ካርድዎን ሲጠየቁ «የገጨኝ ሰው ይክፈል» ብለው ከኪስዎ አላወጡትም። ይህን ንግግር ከስንቱ ሰምቻለሁ! ፍትሕ ይመስላል፤ ዋጋው ግን የሚከፈለው ከእርስዎ ካሳ ነው። ካርዱን ቢሰጡ ኖሮ፣ ሆስፒታሉ ከኢንሹራንስዎ ጋር ውል ካለው፣ በውሉ ዝቅተኛ ዋጋ ይቀበል ነበር። በቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ የጤና ኢንሹራንስ ኩባንያ የከፈለውን ከካሳዎ መልሶ መጠየቅ አይችልም፤ ሜድፔይም እንዲሁ። በደብዳቤዎ ግርጌ እንደ ዋዛ የጠቀሱት የ5,000 ዶላር ሜድፔይ እስካሁን አልተነካም! በየወሩ ሲከፍሉበት የኖሩት ለምን ነበር? አደጋው ከደረሰ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ የወጣን ወጪ ይሸፍናልና ዛሬውኑ ይጠይቁ።

የጤና ዕቅድዎ አሠሪው ራሱ ከካዝናው የሚከፍልበት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ኤሪሳ በተባለው በ1974 በወጣው የፌዴራል ሕግ ስለሚተዳደር የቨርጂኒያ ክልከላ አይነካውም፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 ወስኖታል። የፌዴራል ሠራተኞች ዕቅድም በ2017 ተመሳሳይ ውሳኔ አግኝቷል። ካርዱ ላይ የታወቀ ኢንሹራንስ ስም ስላለ አይዘናጉ፤ ዕቅዱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን ይጠይቁ።

የ68 ዓመት እናቴ ካሳ ልትቀበል ነው። ሕክምናዋን የከፈለው ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ነበር። ካልነገርነው ያውቃል?

ያውቃል። ካሳውን የሚከፍለው ኢንሹራንስ ለሜዲኬር እንዲያሳውቅ በሕግ ይገደዳል። ሜዲኬር ለሕክምናው ያወጣው እንዲመለስለት የሚልከው የመጨረሻ መጠየቂያ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ካልተከፈለ ወለድ ይጠየቅበታል። ደስ የሚለው፣ ሜዲኬር ከሚጠይቀው ላይ የጠበቃ ወጪን ድርሻ ይቀንሳል። ዝርዝሩን ግን መርምሩት፤ ከአደጋው ጋር የማይገናኝ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕክምና ተጨምሮ ከሆነ ተቃወሙ። ይህን ሥራ የሚያውቅ ጠበቃ ይያዘው።

የካሳውን ገንዘብ አዲስ አበባ ልኬ ቤት ጀምሬበታለሁ። አሁን የባለቤቴ መሥሪያ ቤት የጤና ዕቅድ 14,000 ዶላር መልሱ ብሎ ጻፈ። ጎረቤቴ «ገንዘቡ ከአገር ወጥቷል፣ ምን ያመጣሉ?» ይለኛል።

ጎረቤትዎ ዳኛ አይደለም። ኤሪሳን በተመለከተ በ2016 የተሰጠ ውሳኔ እንዳለ ሰምቶ ይሆናል፤ ገንዘቡ ዱካ በማይተው ነገር ሙሉ በሙሉ ካለቀ ዕቅዱ ሌላ ንብረትዎን መያዝ አይችልም ይላል። ቤት ግን ዱካ ነው፤ የላኩበት ደረሰኝም ባንክ ውስጥ ተቀምጧል። በስልክ ምንም ቃል አይስጡ። ባለቤትዎ የዕቅዱን ሙሉ ሰነድ ለአስተዳዳሪው በጽሑፍ ትጠይቅ፤ መስጠት ግዴታው ነው። ሰነዱ ስለ ጠበቃ ክፍያ ዝም ካለ፣ በ2013 ውሳኔ መሠረት ዕቅዱ የወጪውን ድርሻ ሊሸከም ይችላልና መጠኑ ይወርዳል። እኔ ይህን በጋዜጣ መጨረስ አልችልም። የኤሪሳ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ በዚህ ሳምንት፣ ጎረቤትዎን ቤት ትተው።

በመተግበሪያ ሰው አመላልሳለሁ። የግል ሜድፔዬ ይሠራል?

አብዛኞቹ የግል ውሎች መተግበሪያው ሲከፈት ሽፋናቸውን ይዘጋሉ። የኢንሹራንስ ወኪልዎን በጽሑፍ ይጠይቁ።

በሦስተኛው ቀን የገጨኝ ሰው ኢንሹራንስ 1,200 ዶላር ቼክ ላከልኝ። ልቀበል?

ገና ራጅ እንኳ አልተነሣሽም! ባንክ እንዳታስገቢው፤ አብሮ የመጣውን ወረቀትና የቼኩን ጀርባ አንብቢ፤ «ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም» የሚል ቃል ሊኖርበት ይችላል።