«በቂ ምክንያት» ወይስ «በቂ ሐተታ»?

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እየጻፉ የሚተዳደሩ አንባቢ ጠይቀውኛል። አንድ የግንባታ ሠራተኛ ማሽን ጣቶቹን ቆርጦት ካሳ ጠየቀ። ፍርዱ «ጉዳቱ በራሱ ጥፋት የደረሰ በመሆኑ ካሳ አይገባውም ብለናል» ብሎ በአንድ መስመር ዘጋው። ይግባኙ ላይ «በቂ ምክንያት አልተሰጠም» ልበል ወይስ «በቂ ሐተታ»? ይላሉ።

ለእኔ ሐተታ ነው። አዳላለሁ፣ አልደብቅም። በግእዝ ሐተተ ማለት መረመረ፣ ጠየቀ ነው፤ ሐተታም ምርመራው ራሱ። ሰውየው ያጣውም ይህንኑ ነው፤ የትኛው ምስክር ታመነ፣ የትኛውስ ለምን ተጣለ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ ላይ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። አሠሪው ከኃላፊነት የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እዚያው ይቆጠራሉ። ታዲያ ይኼ «በራሱ ጥፋት» የቱ ነው? «በመሆኑ» ሰዋስው ላይ ምክንያት አመልካች ናት፤ ባዶ ነገር ቢያሸክሟትም እሺ ብላ ትሸከማለች።

ካሳም፣ እግረ መንገዴን፣ ከግእዙ ካሐሰ የመጣ ነው። ሐ ተዋጠችና ካሰ ቀረ።

ወደ ምክንያት ልመለስ። ሁለት ፊት አለው። «ምክንያት አታብዛ» ስንል ሰበብ ማለታችን ነው፤ ግእዙም ላይ መነሻም ማሳበቢያም ነበር። ተራቀቅን የሚሉት ደግሞ «የፍርድ አመክንዮ» እንበለው ይላሉ። በስመ አብ! አመክንዮ እኮ የአመካኘ የሥጋ ዘመድ ነው። ዳኛው አመካኙ ልንል ነው?

«ሐተታስ ወሬ ማንዛዛት ሆኖ የለ?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ፒያሳ ላይ «ሐተታውን ተወውና ዋጋውን ንገረኝ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን አልተዋጠልኝም።

ምን ዋጋ አለው፣ ጠበቃውም ዳኛውም «በቂ ምክንያት» ይላል፣ ቃሉ ከሄደ ቆይቷል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 182ም ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና የውሳኔውን ምክንያት ይያዝ ነው የሚለው። እሱን ይጥቀሱና «ፍርዱ በቂ ምክንያት አልያዘም» ብለው ይጻፉ። ብቻ በላኩልኝ ረቂቅ ላይ ሦስት ቦታ «ምክኒያት» ብለዋል፤ «ን» ሳድስ ናት፣ ከማስገባትዎ በፊት ያርሟት።